ታዛቢዎቹ ምን አዩ? የ1997ቱ ምርጫና የውጭ ምስክሮች ታሪክ



በ1997 ዓ.ም የተወለደ ልጅ ዛሬ ሃያ ዓመቱን አልፎ የራሱን የምርጫ ካርድ የሚያወጣ ሰው ሆኗል። ስለተወለደበት ዓመት የሚያውቀው ግን ብዙውን ጊዜ ከታላላቆቹ አፍ በቁርጥራጭ የሰማውን ነው። ቅንጅት፣ የሁለት ጣት ምልክት፣ ጥቅምት፣ ቃሊቲ። ከነዚህ ቃላት መካከል አንድ የሴት ስምም አለ፦ ሐና ጎበዜ።

ሐና ጎበዜ የሚባሉት ፖርቱጋላዊቷ የአውሮፓ ፓርላማ አባል ወይዘሮ አና ጎሜዝ ናቸው። የከተማው ሰው ስማቸውን ለአፉ እንዲመች አድርጎ፣ ጉብዝናንም ጨምሮበት ያወጣላቸው የአበሻ ስም ነው። እኚህ ሴት በ1997 የአውሮፓ ኅብረትን የምርጫ ታዛቢ ልዑክ መርተው የመጡ ናቸው። የውጭ አገር ሰው በኛ አገር የቤት ስም የሚወጣለት ከስንት አንዴ ነው። በዚያው ልክ ደግሞ በመንግሥት ጋዜጣ እንደሳቸው የተብጠለጠለ እንግዳ አላስታውስም።

እነዚህ ሰዎች ማን ጠርቷቸው መጡ? ምን አዩ? ምን ጻፉ? የጻፉትስ ለማን ጠቀመ? ዛሬ የምናየው ይህንን ነው። የትኛው ፓርቲ ልክ ነበር ወደሚለው ክርክር አልገባም፤ ለርሱ ሌላ ገጽ ሞልቷል። የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ በኛ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። "ፈረንጆቹ መጥተው ምርጫውን መረመሩት" ሲባል እንሰማለን። ታዛቢ መርማሪም ዳኛም አይደለም። ሳጥን አይከፍትም፣ ቆጠራ አያስቆምም፣ ውጤት አይሰርዝም። መንግሥት ካልጋበዘው አይመጣም፤ ሲመጣም የመግባቢያ ሰነድ ተፈርሞ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የሕግ፣ የሚዲያ፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ያሉበት ቡድን ቀድሞ ዋና ከተማ ይቀመጣል። ከምርጫው ሳምንታት በፊት ሌሎች ታዛቢዎች ወደየክልሉ ይበተናሉ። ምርጫው ጥቂት ቀን ሲቀረው ብዛት ያላቸው የአጭር ጊዜ ታዛቢዎች ይጨመራሉ። ሁለት ሁለት ሆነው፣ ከተለያየ አገር የመጡ ተጣምረው፣ አስተርጓሚና ሾፌር ይዘው ከጣቢያ ጣቢያ ይዞራሉ። በያንዳንዱ ጣቢያ ቅጽ ይሞላሉ። ቅጹ አዲስ አበባ ይደርስና ይደመራል። ከምርጫው በኋላ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ መግለጫ ይወጣል፤ ከወራት በኋላ ደግሞ ምክረ ሐሳብ ያለበት የመጨረሻ ሪፖርት።

መድረሳ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ኢስናድ ትዝ ይለዋል። የሐዲስ ሊቃውንት አንድን ቃል ከመቀበላቸው በፊት ማን ከማን ሰማው፣ በቦታው ነበረ ወይ፣ የማስታወስ ችሎታው እንዴት ነው፣ በሌላ ጉዳይ ውሸት ተገኝቶበት ያውቃል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። የታዛቢ ሪፖርትም ዋጋው እዚያው ላይ ነው። ሰውየው የቆመው የት ጣቢያ ነው? ሳጥኑ ሲከፈት ነበረ ወይስ ከሰዓት መጥቶ ነው? ቆጠራው ሌሊት ሲካሄድ አብሮ አደረ ወይስ ሆቴሉ ገባ?

እስቲ እናስላው። በ1997 በአገሪቱ ከ30 ሺህ በላይ የምርጫ ጣቢያዎች ነበሩ። የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎች ሁለት መቶ ገደማ፣ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ራሳቸው የመሩት የካርተር ማዕከል ታዛቢዎች ደግሞ 50 ነበሩ። ሁለት መቶው ሰው ሁለት ሁለት ሲሆን መቶ ቡድን ነው። አንዱ ቡድን በቀን አሥር ጣቢያ ቢያዳርስ አንድ ሺህ ጣቢያ ይሆናል። ከሠላሳ ጣቢያ አንዱ ማለት ነው። ሃያ ዘጠኙን ያየው የአገሩ ሰው ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ከፈረንጆቹ ይልቅ የአገር ውስጥ ታዛቢ ጉዳይ ትልቁ ጉዳይ የነበረው። ብዙ ሰው የረሳው ታሪክም እዚህ ጋ አለ።

ምርጫው ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው፣ በመጋቢት 1997፣ መንግሥት ሦስት የአሜሪካ ድርጅቶችን ከአገር አስወጣ። ናሽናል ዴሞክራቲክ ኢንስቲትዩት፣ ኢንተርናሽናል ሪፐብሊካን ኢንስቲትዩትና አይፌስ ይባላሉ። ሥራቸው ፓርቲዎችን ማሠልጠን፣ ለምርጫ አስፈጻሚዎች ሙያዊ እገዛ ማድረግ የመሰለ ነበር። የተሰጠው ምክንያት በሕጉ መሠረት ሳይመዘገቡ ይሠራሉ የሚል ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ አሠልጣኙ ወጣ፣ ታዛቢው ግን ተጋበዘ። የዴሞክራሲ ድጋፍ የሚባለው ነገር ሁለት መልክ አለው፦ አንዱ ሥራውን ማስተማር ነው፣ ሌላው ሥራው ሲሠራ ቆሞ ማየት ነው። የትኛው ይበልጥ እንደሚያስፈራ ከዚህ መገመት ይቻላል። ቆሞ የሚያየው እንግዳ ቢያንስ የመመለሻ ትኬት አለው።

በዚያው ሰሞን ምርጫ ቦርድ የአገር ውስጥ ሲቪል ማኅበራት ምርጫ መታዘብ የሚችሉት መተዳደሪያ ደንባቸው ላይ ሲመሠረቱ ጀምሮ ምርጫ መታዘብ ተብሎ የተጻፈ ከሆነ ነው አለ። እንዲህ ብሎ የጻፈ ማኅበር ደግሞ ብዙም የለም። ማኅበራቱ ተሰብስበው ቦርዱን ከሰሱ። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለማኅበራቱ ፈረደ። ቦርዱ ይግባኝ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም የሥር ፍርድ ቤቱን ውሳኔ አጸና።

የሚገርመው ነገር በዚያን ጊዜ የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢና የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት አንድ ሰው ነበሩ፤ አቶ ከማል በድሪ። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የተከሳሹ መሥሪያ ቤት ኃላፊም፣ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የበላይም ማለት ነው። ይህ የሕግ የበላይነት ለሚባለው ነገር ትልቅ ጥያቄ ነው። ያም ሆኖ ችሎቱ ቦርዱን ረታው። በእኔ አመለካከት በዚያ ዓመት ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ይህች ፍርድ ትልቅ ቦታ ሊሰጣት ይገባል። ችግሩ ጊዜው ነው። የመጨረሻው ውሳኔ ሲሰጥ ምርጫው የቀረው ጥቂት ቀን ብቻ ነበር። በጥቂት ቀን ውስጥ በ30 ሺህ ጣቢያ ሰው ማሠልጠን፣ ባጅ ማሳተም፣ ማሰማራት አይቻልም። ማኅበራቱ የቻሉትን ያህል ላኩ። መብቱ በወረቀት ተገኘ፤ ሰዓቱ ግን አልፏል።

ከምርጫው በፊት የነበሩት ወራት በኢትዮጵያ ታሪክ ያልታዩ ነበሩ። የመንግሥትና የተቃዋሚ ሰዎች በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀምጠው ይከራከሩ ነበር። ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ያለው ባለቤት ያን ሰሞን ገበያ አገኘ። ከ25 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተመዘገበ። ሚያዝያ 29 ኢሕአዴግ መስቀል አደባባይን በደጋፊ ሞላው። በማግስቱ ሚያዝያ 30 ቅንጅት በተራው አደባባዩን ሲሞላው ደግሞ ያየው ሁሉ አፉን ያዘ። ሁለት ቀን፣ አንድ አደባባይ፣ ያለ አንዳች ግጭት። የውጭ ታዛቢዎቹም በመግለጫቸው ይህንን የቅድመ ምርጫ ጊዜ በበጎ አነሱት።

ግንቦት 7፣ እሑድ፣ ምርጫው ተካሄደ። በየጣቢያው ሰልፉ ከሌሊት ጀመረ።

በዚያው ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በቴሌቪዥን ቀርበው ከነገ ጀምሮ ለአንድ ወር በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ማንኛውም ሰላማዊ ሰልፍ የተከለከለ መሆኑን፣ የጸጥታ ኃይሎችም በአንድ ዕዝ ሥር ሆነው ተጠሪነታቸው ለጠቅላይ ሚኒስትሩ እንደሚሆን ተናገሩ። ድምፅ ገና አልተቆጠረም ነበር።

"በአካባቢዋ" የምትለዋን ቃል እኛ የገላን፣ የሰበታ፣ የቡራዩ፣ የሱሉልታ ሰዎች ልብ ልንላት ይገባል። የእኛ ከተሞች ድምፃቸውን የሰጡት በኦሮሚያ የምርጫ ክልሎች ውስጥ ነው፤ አዲስ አበባ ከምትልካቸው 23 የፓርላማ ተወካዮች ውስጥ የሉበትም። ክልከላ ሲመጣ ግን የአዲስ አበባ አካባቢ ሆኑ። በዚያው ሰኔ የኦሮሚያ ክልል መቀመጫውን ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ እንዲመልስ ተወሰነ። በ2000 በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ተቋቋመ፤ በ2015 ደግሞ ሸገር ከተማ መጣች። የዙሪያው ከተሞች አስተዳደር ታሪክ ከዚያ ምርጫ ጋር የተያያዘ ክር አለው፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ ሌላ ጊዜ ኢንሻአላህ።

ውጤቱ መሰማት ሲጀምር አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ጠቅልሎ ወሰደ። ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች ደግሞ 137ቱን። ያለፈው ፓርላማ ውስጥ የተቃዋሚ ወንበር 12 ብቻ እንደነበር ስታስቡ የድንጋጤው መጠን ይገባችኋል። ከዚያ በኋላ የገጠሩ ውጤት መዘግየት ጀመረ። ሁለቱም ወገን አሸንፌያለሁ ይል ነበር። ወደ 300 በሚጠጉ የምርጫ ክልሎች ላይ አቤቱታ ቀረበ።

ሰኔ 1 አዲስ አበባ ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ ሰዎች ሞቱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፓርቲዎቹ አቤቱታው በሥርዓት እንዲታይ ተስማሙ። አጣሪ ጓዶች ተቋቋሙ፤ ምስክር መስማት ጀመሩ። በ31 የምርጫ ክልሎች ምርጫው እንዲደገም ተወሰነ፤ ነሐሴ 15 ተደገመ። የሶማሌ ክልል ሕዝብም ድምፁን የሰጠው በዚያን ዕለት ነው። በግንቦቱ ቆጠራ ወንበር አጥተው የነበሩ የመንግሥት ሰዎች፣ የማስታወቂያ ሚኒስትሩ አቶ በረከት ስምዖን ሳይቀሩ፣ በድጋሚው ምርጫ ተመለሱ። የመጨረሻው ድምር ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 ሆነ።

አሁን ወደ ምስክሮቹ እንመለስ። ምክንያቱም ሁለቱ ትልልቅ ልዑካን እዚህ ላይ ተለያዩ።

የአውሮፓ ኅብረት ልዑክ ነሐሴ 19 መግለጫ አወጣ። የቅድመ ምርጫው ጊዜና የምርጫው ቀን በጎ ጎን እንዳለው ሳይክድ፣ የቆጠራው፣ የውጤት ድመራውና የአቤቱታ ማጣራቱ ሂደት ግን ዓለም አቀፍ መመዘኛን አላሟላም አለ። የካርተር ማዕከል በመስከረም 1998 ያወጣው መግለጫ ሌላ ቃና ነበረው። በግንቦት 7ቱ ድምፅ ላይ የተመሠረቱት የብዙዎቹ የምርጫ ክልሎች ውጤት ተዓማኒ ነው አለ፤ በአቤቱታ ማጣራቱና በድጋሚው ምርጫ የተወሰኑት ውስጥ ግን ችግር ያለባቸው ቁጥራቸው ቀላል አይደለም አለ።

ልዩነቱን በጥሞና ካያችሁት ስለተከሰተው ነገር ያን ያህል አልተጋጩም። ሁለቱም መነካካቱ የበዛው ከግንቦት 7 በኋላ መሆኑን ይናገራሉ። የተለያዩት ጠቅላላውን ምን ብለን እንጥራው በሚለው ላይ ነው። መንግሥት የካርተርን ቃል ሲያነሳ፣ ተቃዋሚው የአና ጎሜዝን ቃል አነሳ። ሕዝቡም እንደዚያው። ሙሉ ሪፖርቱን ያነበበ ግን በሁለቱም በኩል ጥቂት ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ይመስለኛል።

የጠቅላይ ሚኒስትሩ ምላሽ ከባድ ነበር። በእንግሊዝኛው የመንግሥት ጋዜጣ በኢትዮጵያን ሄራልድ ላይ የአውሮፓን መግለጫ ነጥብ በነጥብ የሚያጣጥል በተከታታይ ክፍሎች የወጣ ረጅም ጽሑፍ አሳተሙ። ሪፖርቱን ቆሻሻ እስከ ማለት ደረሱ። አንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሥልጣን ለሌለው ታዛቢ ይህን ያህል ገጽ መጻፉ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። ምስክር ውጤት መለወጥ ባይችልም ስም መለወጥ ይችላል።

ጥቅምት 17 ቀን 1998 በኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዓለም አቀፍ የምርጫ ትዝብት መርሆዎች መግለጫ የሚባል ሰነድ ጸደቀ። ታዛቢ ገለልተኛ ይሁን፣ በነፃነት ይንቀሳቀስ፣ አስተናጋጁ አገርም ይህንን ያክብር የሚል ነው። የአውሮፓ ኅብረትም የካርተር ማዕከልም ከተቀበሉት ውስጥ ናቸው። ከአምስት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 22፣ አዲስ አበባ ላይ እንደገና ተኩስ ተከፈተ። ቀናት ቆየ፤ ወደ ሌሎች ከተሞችም ተዛመተ።

ፓርላማው ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በሰኔና በጥቅምት የሞቱትን ቆጥሮ 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሆናቸውን አረጋገጠ። የቆሰሉት 763። ከኮሚሽኑ አባላት አብዛኞቹ የተወሰደው እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነው ብለው ድምፅ ሰጥተው ነበር። በኋላ ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርት ግን እርምጃው ተመጣጣኝ ነው የሚል ሆነ። ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው አቶ ወልደሚካኤል መሸሻ አገር ለቀው ወጥተው የመጀመሪያውን ድምዳሜ ይፋ አደረጉት። ቁጥሩ ላይ ግን ሁለቱም ወገን አልተለያየም። ይህ ቁጥር በእጃችን ያለው ከውጭ ታዛቢ ሳይሆን ከአገራችን ሰዎች ምስክርነት ነው፤ ምስክርነቱም ስደት አስከፍሏቸዋል።

የቅንጅት መሪዎች፣ ጋዜጠኞችና የሲቪል ማኅበራት ሰዎች ተያዙ። ከገላን ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ በምታልፉበት መንገድ፣ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ገቡ። የአዲስ አበባ ከንቲባ እንዲሆኑ ተመርጠው የነበሩት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ እዚያ ነበሩ። የቅንጅት ምክትል ሊቀመንበር የነበሩት የቀድሞዋ ዳኛ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳም እዚያ ነበሩ። የአውሮፓ ኅብረት ችሎቱን የሚከታተል የሕግ ባለሙያ መድቦ ነበር፤ ስለ ሕግ የበላይነት የሚወራው ነገር ከምርጫ ሳጥን ወደ ችሎት አዳራሽ ተዛወረ ማለት ነው። የፓርቲዎቹ መሪዎች ጥፋተኛ ተብለው፣ የይቅርታ ሰነድ ፈርመው በሐምሌ 1999 ተፈቱ።

ሁለት ሰዎች ግን አልፈረሙም። አቶ ዳንኤል በቀለና አቶ ነጻነት ደምሴ ይባላሉ። የፓርቲ ሰዎች አልነበሩም። የሕግ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሲቪል ማኅበራት መራጩን እንዲያስተምሩና ምርጫ እንዲታዘቡ ከለፉት ውስጥ ናቸው። ክርክራቸውን እስከ መጨረሻው ቀጠሉ፣ ጥፋተኛ ተባሉ፣ በመጋቢት 2000 ወጡ። ፈረንጁ ታዛቢ ሥራውን ሲጨርስ አውሮፕላን ጣቢያ ይሄዳል፤ የአገሩ ታዛቢ የሚሄድበትን አየን።

ለጋሾቹስ? ከጥቅምቱ ደም በኋላ በቀጥታ ለመንግሥት በጀት የሚሰጡትን ድጋፍ አቆሙ። ወራት ሳይቆይ፣ በ1998 ማብቂያ ላይ፣ መሠረታዊ አገልግሎቶችን ለመጠበቅ በሚል አዲስ ፕሮግራም ገንዘቡ በወረዳዎች በኩል መፍሰስ ጀመረ። እውነቱን ለመናገር ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ የጤና ጣቢያና የትምህርት ቤት ገንዘብ ቢቆም የሚጎዳው ድሃው ነው። ነገር ግን መንግሥት የተማረው ትምህርት ግልጽ ነበር። የታዛቢው አፍና የለጋሹ እጅ ለየብቻ ናቸው።

ያንን ትምህርት በሕግ መልክ አየነው። በ2001 ስለ በጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ ዴሞክራሲ እንዳይሠራ አገደ። በዚያው ዓመት የጸረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652 ወጣ። በ1997 ቦርዱን ፍርድ ቤት የገተሩ ዓይነት ማኅበራት አቅማቸው ተሟጠጠ።

ግንቦት 15 ቀን 2002 ምርጫ ሲመጣ የአውሮፓ ኅብረት እንደገና ልዑክ ላከ። መሪው ሆላንዳዊው የአውሮፓ ፓርላማ አባል ታይስ በርማን ነበሩ። ቀኑ ሰላማዊ ነበር። ኢሕአዴግ ከ547 ወንበር 499ኙን ወሰደ፤ አጋሮቹ የቀረውን ወሰዱ፤ ለተቃዋሚ አንድ፣ ለግል ተወዳዳሪ አንድ ወንበር ተረፈ። የበርማን ልዑክ ቴክኒኩ ደህና ቢሆንም የመወዳደሪያው ሜዳ እኩል አልነበረም አለ። በ2003 የመጨረሻውን ሪፖርት አዲስ አበባ መጥተው እንዳያቀርቡ ተከለከሉና ብራስልስ ላይ አቀረቡት። በ2007 የአውሮፓ ኅብረት ጭራሽ ታዛቢ አልላከም። በቀድሞው የናሚቢያ ፕሬዚዳንት ሂፊኬፑንዬ ፖሃምባ የተመራ የአፍሪካ ኅብረት ልዑክ መጣ። ውጤቱ 547 ከ547 ሆነ።

በነዚህ ሁለት ምርጫዎች መካከል እኛን በቀጥታ የነካ ሌላ ምርጫ ነበረ። መስከረም 27 ቀን 2005 የመጅሊስ ምርጫ ተካሄደ። ከ2004 ጀምሮ ሙስሊሙ ሲጠይቅ የነበረው ምርጫው በመስጂድ ይሁን ብሎ ነው፤ የተደረገው በቀበሌ ነው። ያንን ጥያቄ ይዘው የወጡት የኮሚቴው አባላት በዚያ በ652 አዋጅ ተከሰሱ፤ በ2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። የጥያቄው ሥር ሲታይ የ1997ቱ ጥያቄ ነው፦ ሳጥኑ የት ይቀመጣል፣ አጠገቡስ ማን ይቆማል? በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ ሳጥን አጠገብ መቆም የለመደ ሰው ከጠፋ፣ ለፓርላማም ለመጅሊስም ለዕድርም ይጠፋል።

ከ2010 በኋላ ነገሮች ተገለባበጡ። በኅዳር 2011 የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ ሆነው የተሾሙት እነዚያው ብርቱካን ሚደቅሳ ናቸው። ከይቅርታው በኋላ በ2001 እንደገና ታስረው፣ በ2003 መጀመሪያ የተፈቱ ናቸው። አቶ ዳንኤል በቀለ፣ ያልፈረሙት፣ ዶክተር ዳንኤል ሆነው በ2011 የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር ሆኑ። የ2001ዱ የማኅበራት አዋጅ በ1113 ተተካ። በዚያው በ2011 የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 የአገር ውስጥ ታዛቢን በሕግ አስቀመጠው። የአውሮፓ ታዛቢዎች በየሪፖርታቸው መጨረሻ የሚጽፉት ምክር ከነዚህ ለውጦች ጋር ጎን ለጎን ሲነበብ ብዙ ቦታ ይገጣጠማል። የታዛቢ ሪፖርት እንደዚህ ነው፤ በወጣበት ዓመት አይሠራም፣ መደርደሪያ ላይ ቆይቶ የሚያነሳው ሰው ሲገኝ ይሠራል።

ታዛቢዎቹ ግን ራሳቸው አልመጡም። የአውሮፓ ኅብረት ለ2013ቱ ምርጫ ልዑክ ሊልክ ተዘጋጅቶ ሚያዝያ 25 ቀን ሰረዘው። የተጣሉት በልዑኩ ነፃነትና ይዘናቸው እንግባ ባሏቸው የመገናኛ መሣሪያዎች ላይ ነው። መንግሥት ሉዓላዊነቴን የሚነካ ነው አለ። መሣሪያው ለምን እንደሚያስፈልግ ግን ከላይ ካሰላነው ሒሳብ ይገባል፦ በየገጠሩ የተበተነ ታዛቢ ስልክና ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ዝም የሚል ከሆነ ትዝብቱ አይደመርም። በሌላ በኩል የአንድ ሉዓላዊ አገር መንግሥት በድንበሩ ስለሚገባ ሳተላይት መሣሪያ መጠየቁም ነውር የለበትም። ከ1997 ጀምሮ መተማመን ስላልነበረ ነው አንድ ዕቃ ይህን ያህል የከበደው።

የአፍሪካ ኅብረት በቀድሞው የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ኦሉሴጎን ኦባሳንጆ የተመራ ልዑክ ላከ፤ ልዑኩም ምርጫውን ሥርዓት የተከተለ፣ ሰላማዊና ተዓማኒ ነው አለው። ትግራይ ጦርነት ላይ ስለነበረች አልመረጠችም።

ምርጫው የተካሄደበት ቀን ሰኔ 14 ነው። ይህ ቀን በኦሮሚያ የቆየ ትዝታ አለው። ሰኔ 14 ቀን 1984 በሽግግሩ ዘመን የክልልና የወረዳ ምርጫ ሲደረግ ከብዙ አገሮች የተውጣጡ ታዛቢዎች መጥተው ነበር። ምርጫው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ኦነግ ተወዳዳሪዎቹን አስወጣና ታዛቢዎቹ በብዙ የኦሮሚያ አካባቢዎች ያገኙት ተፎካካሪ የሌለበት ሳጥን ነበር። በ2013ም ኦነግና ኦፌኮ አንወዳደርም ብለው ወጥተው ነበር። በብዙ የኦሮሚያ የምርጫ ክልሎች ብልጽግና ያለ ጠንካራ ተፎካካሪ ቀረበ። የሚታዘብ ማኅበር በዚህኛው ጊዜ ፍርድ ቤት መሄድ አላስፈለገውም፤ ሕጉ ፈቅዶለታል፣ ባጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጧል። ከፊቱ ባለው ወረቀት ላይ ግን የሚመረጠው አንድ ነበር።